የእንግዳ ውሃ

ዱሬቲ ኢተፋ ፎቶ ስትነሳ አትስቅም። አዳማ ላይ ከሚያውቋት ሰዎች ግማሹ ኩራት ነው ይላል፤ ግማሹ ዶክትሬቱ ነው እንዲህ ያደረጋት ይላል። ሁለቱም ወገን ስቷል። ሴትዮዋ የማትስቀው ጥርሷ ቡናማ ስለሆነ ነው።

የተወለደችው ከአዳማ ወረድ ብሎ ሜዳው ላይ ካለ መንደር ነው። አባቷ ከተማ ጋራዥ ተቀጥረው ቤተሰቡን ጠቅልለው ሲያመጡ አስር ዓመቷ ነበር፤ እስከዚያ የጠጣችው የጉድጓድ ውሃ የሚያደርገውን አድርጎ ጨርሷል። አዲሱ ትምህርት ቤት ያሉት ልጆች "ጥርስሽን አትፍቂም እንዴ?" ይሏት ነበር። ቤት ትገባና በር ዘግታ በከሰል፣ በጨው፣ ባገኘችው ሁሉ ድዷ እስኪደማ ትፍቃለች። አይለቅም። ስምጥ ሸለቆው መሬት ውስጥ ያለ ፍሎራይድ የሚባል ነገር ውሃው ላይ ሲበዛ የልጅን ጥርስ ገና ድድ ውስጥ እያለ ያበላሸዋል፤ ዕድሜ ልክ ሲጠጡት ደግሞ አጥንት ያደርቃል፣ ወገብ ያጎብጣል። ይህን የሰማችው ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ አንድ መምህር እንደ ቀላል ነገር ሲያስረዳ ነው። ያን ቀን አላዘነችም፤ ተናደደች። የሰደቧትን ልጆች ይቅር ማለት አላቃታትም፤ እያወቀ ዝም ያለውን ትልቅ ሰው ግን ይቅር ማለት አልሆነላትም። ሌላው የክፍል ጓደኛዋ ሁሉ ክሊኒክ ለመክፈት ሲያልም እሷ ምርምር ውስጥ የገባችው በዚህ ንዴት ነው።

ስሟን ያስጠራው ጥናት የተነሳው ከአንዲት ቀላል ሐሳብ ነው። ከሷ በፊት የነበሩት ተመራማሪዎች የሚለኩት የጉድጓዱን ውሃ ነበር። ዱሬቲ "ሰው አፉን ጉድጓድ ላይ ደፍቶ አይጠጣም፤ የሚጠጣው ቤቱ ነው" አለች። ሲሰሙት ማንም ሊያስበው የሚችል ነገር ይመስላል፤ ግን ማንም አላሰበውም። አዳማ ከምታስተምርበት የጤና ኮሌጅ፣ ከላቦራቶሪ ባልደረባዋ ከሰብስቤ ጋር ሆና፣ ከደራ ከተማ በታች ወደምትገኘው ቦሩ ጨፌ ወረደች። ሙቀቱ አናት የሚበሳ፣ ጉድጓዱ በፍሎራይድ የታወቀ መንደር ነው። ቤት ለቤት እየዞሩ ለየቤቱ ትንሽ ጠርሙስ እየሰጡ "የምትጠጡትን ውሃ ሙሉልን" አሉ። የልጆቹንም ሽንት ወሰዱ። "ይሄ ነው የምትጠጡት?" ብላ ዱሬቲ ራሷ በየቤቱ ጠየቀች፤ በየቤቱም "አዎ" አሏት።

መጀመሪያ የገቡት የመንደሩ ሽማግሌ ኦቦ ጫምሳ ቤት ነበር። ኦቦ ጫምሳ ወገባቸው ከመጉበጡ የተነሳ የቆመ ሰው ፊት ለማየት ወደ ጎን ይዞራሉ። ሚስታቸው አዴ ጉዲቱ ገና የወራት ሕፃን የሆነችውን የልጅ ልጃቸውን ጋዲሴን በአንድ ክንዳቸው ታቅፈው ጠርሙሱን ሞልተው ሰጡ። ዱሬቲ የሕፃኗን ድድ በጣቷ ዳሰስ አድርጋ፣ "የዚችን ጥርስ ነጭ እናደርገዋለን" አለች። አፏን ሞልታ ነው የተናገረችው።

አዳማ ተመልሰው ሲለኩ ሰብስቤ ማሽኑ የተበላሸ መሰለው። ውሃው ንጹሕ ነው፤ የሁሉም ቤት። የልጆቹ ሽንት ግን በፍሎራይድ ተሞልቷል። ደግመው ለኩ፤ ያው ነው። ዱሬቲ ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተችና መልሱ ብልጭ አለላት፤ ቢያንስ ያኔ እንደዚያ መስሏት ነበር። ሰዎቹ የጉድጓዱን ውሃ ለከብትና ለልብስ ትተውታል፣ የሚጠጡት ሌላ ነው፣ ስለዚህ ፍሎራይዱ የሚገባው በሚበሉት ነው፤ በእህሉ፣ በጎመኑ፣ በሻይ ቅጠሉ። ጻፈችው። ስመ ጥር የሆነ የውጭ ጆርናል ተቀብሎ አተመው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሕልም ይመስላል። ከህንድ፣ ከታንዛኒያ፣ ከቻይና የሚጽፉ ተመራማሪዎች እሷን እያጣቀሱ ይጽፉ ጀመር። ጽሑፏ በተጠቀሰ ቁጥር ስልኳ ላይ መልእክት ይመጣል፤ እሷም ምሳ ላይ ብትሆን እንኳ ጉርሻውን አስቀምጣ ታነባለች። እናቷ ወይዘሮ አማረች ነገሩ አልገባ ብሏቸው፣ ወይም በደንብ ገብቷቸው፣ "ዛሬስ ማን ጠቀሰሽ?" ይሏት ነበር። "የሰው ልጅ ስትጠቀስ ትዳር ትይዛለች፤ ያንቺ ጠቃሾች ሁሉ ባሕር ማዶ ናቸው።" ዱሬቲ በሩ ተዘግቶ ከእናቷ ጋር ብቻዋን ስትሆን ትስቃለች፤ ጥርሷ እየታየ።

ጽሑፉ ግን ወረቀት ላይ አልቀረም። ለቦሩ ጨፌ ከደጋው የቧንቧ መስመር ሊዘረጋ አስቦ የነበረ አንድ የእርዳታ ድርጅት ጥናቱን አንብቦ ሐሳቡን ለወጠ። ችግሩ ከምግብ ከሆነ ቧንቧ ምን ያደርጋል? በቧንቧው ፈንታ ድንኳን ተተከለ፤ የመንደሩ ሴቶች ምን ተክለው ምን እንደሚያበስሉ ሰልጥነው የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። በመዝጊያው ላይ ዱሬቲ የክብር እንግዳ ነበረች። ተጨበጨበላት፤ ደስም አላት።

ስምንት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው ነገሩ የፈነዳው።

በጥቅምት የኮሌጁ መኪና አሰላ አድርሷት ስትመለስ ደራ ላይ ሞተሩ ጠፋ። መካኒክ እስኪመጣ ቆማ ከምትጠብቅ ኦቦ ጫምሳን ልጠይቅ ብላ ባጃጅ ተሳፍራ ወረደች። ሁልጊዜ ቀጠሮ አስይዛ ነበር የምትሄደው፤ ሳይጠብቋት ስትመጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አዴ ጉዲቱ በሩ ላይ ሲያዩዋት ደስታቸውም ድንጋጤያቸውም እኩል መጣ።

"አካም ጅርታ፣ ልጄ? ምነው ሳትነግሪን?"

አስቀመጧትና ጥግ ላይ ያለውን እንስራ ክዳኑን አንስተው አዩ። መልሰው ከደኑት። ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ በሩ ሄዱ።

"ወዴት ነው?" አለች ዱሬቲ።

"ጎረቤት፣ ሱሃይላ ቤት። ውሃ ላምጣልሽ፤ ያለው አልቋል። ገበያው ገና ነገ ነው።"

ዱሬቲ አጠገቧ ወዳለው ቢጫ ጀሪካን እያመለከተች፣ "ይሄ ሙሉ አይደል እንዴ?" አለች። "ከዚህ ይስጡኝ፤ ጉሮሮዬ ደርቋል።"

"እሱማ የኛ ነው" አሉ አዴ ጉዲቱ።

ሲናገሩት እንደ ተራ ነገር ነው። ዱሬቲ ግን ክው አለች። "ያኔ በጠርሙሱ የሞሉልኝስ?" ብላ ጠየቀች።

"ከእንስራው ነዋ። ቢሻን ኬሱማ፣ የእንግዳ ውሃ። በገበያ ቀን ደራ ካለው ቦኖ ቀድተን በጋሪ የምናመጣው። ይሄን የጉድጓድ ውሃ ለእንግዳ ይሰጣል እንዴ?"

"ሌላው ቤትስ?"

"ያለው ሰጠሽ፣ የሌለው ተበድሮ ሰጠሽ። ሱሃይላ ከኔ ነው የወሰደችው።"

"ይሄ ነው የምትጠጡት ብዬ ጠይቄያችሁ ነበር እኮ፣ አዴ ጉዲቱ።"

አሮጊቷ ግራ ገባቸው። "ታዲያ 'የለም፣ ይሄ ላንቺ ብቻ ነው፣ እኛ ሌላ ነው የምንጠጣው' ልበልሽ? ሰው ቤቱ የመጣን እንግዳ እንዲህ ብሎ ያሸማቅቃል?"

ዱሬቲ ቤታቸው ትዝ አላት። እናቷ ቡፌ ውስጥ ጠርዛቸው በወርቅ ቀለም የተቀለመ ብርጭቆዎች አሉ፤ ቤተሰቡ ዕድሜውን በላስቲክ ኩባያ ሲጠጣ እነሱ እንግዳ ይጠብቃሉ። የእንግዳ አንሶላ አለ፤ የእንግዳ ሳህን አለ። እንግዳ "ሁልጊዜ በዚህ ነው የምትበሉት?" ቢል ወይዘሮ አማረች ዓይናቸውን ሳያሹ "አዎ" ይላሉ። ዱሬቲ እዚያ ቤት አድጋለች። ዓለም የጠቀሰው ግኝቷ የቦሩ ጨፌ ሰው ለእንግዳ ያለው አክብሮት ነበር፤ ከዚያ የዘለለ ነገር አልነበረውም። ምድር ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር።

በዚህ መሀል ጋዲሴ ከትምህርት ቤት ገባች። የሁለት ዓመት ወንድሟ ጂብሪል እግሯ ላይ ተጠመጠመ። ልጅቷ ዱሬቲን ሰላም ስትል አፏን በእጇ ሸፈነች። ዱሬቲ ያንን እጅ ታውቀዋለች፤ የራሷ እጅ ነው።

"ዶክተር፣" አለች ጋዲሴ በጣቶቿ መሀል፣ "ጥርሴ ነጭ እንደሚሆን ነግረሻት እንደነበር አያቴ ነገረችኝ። መቼ ነው?"

ዱሬቲ መኪናው ተጠግኖ ይሆናል ብላ ተነሳች። ሸሸች ብል ይሻላል።

ሰብስቤ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ በሩን ዘጋ። መጥፎ ሰው አይደለም። እሱም ከዚያ ጽሑፍ ነው እንጀራው የወጣው፤ የረዳት ፕሮፌሰርነት ማዕረጉ፣ ሁለት ጊዜ አውሮፓ ያየበት ጉባኤ፣ ሁሉም ከዚያ ነው።

"ይሄን ማን ያውቃል?" አላት።

"ቦሩ ጨፌ ሁሉ ያውቃል።"

"ቦሩ ጨፌ ጆርናል አያነብም። ዱሬቲ፣ የፕሮፌሰርነት ፋይልሽ ሴኔት ፊት ነው። ያንን ጽሑፍ ካወጣሽበት ምን ይቀረዋል? ደግሞ አንቺ ስምሽን ስታጠፊ የኔንም ነው የምታጠፊው።"

"ልጆቹ እየጠጡት ነው።"

"ከኛም በፊት ይጠጡት ነበር" አለ ሰብስቤ። ይህን ሲል ዓይኗን አላያትም።

ጀግና ሆና በማግሥቱ ለጆርናሉ ጻፈች ብል ደስ ባለኝ። አልጻፈችም። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። ማታ ማታ ልትጽፍ ትቀመጣለች፤ ከዚያ የፋይሉ ነገር ትዝ ይላትና ኮምፒውተሩን ትዘጋለች። ስልኳ ላይ ማጣቀሻው አሁንም ይመጣል፤ አሁን ግን ደወሉን አጥፍታዋለች። እናቷ "ምነው፣ ጠቃሾችሽ ተጣሉሽ?" አሏት። ያን ቀን አልሳቀችም። ያ በወጣትነቷ ይቅር ያላለችው ሰው፣ እያወቀ ዝም ያለው ሰው፣ አሁን በመስታወት ያያት ነበር።

ያነቃነቃት አዳማ ላይ የሰማችው ወሬ ነው። ያው የእርዳታ ድርጅት ለአንድ መንደር የሚሆን የቧንቧ መስመር ገንዘብ አግኝቷል፤ የትኛው መንደር እንደሚያገኝ ሊወስን ነው፤ ቦሩ ጨፌ ግን ውድድሩ ውስጥም የለችም። ዱሬቲ በዚያው ሳምንት ለጆርናሉ ጻፈች፣ ፋይሏን ከሴኔት አወጣች፣ ከዚያ የድርጅቱ የፕሮጀክት ኃላፊ አቶ ምንተስኖት ቢሮ ገባች።

አቶ ምንተስኖት ከወንበራቸው ተነስተው ነው የተቀበሏት። ጎንበስ ብለው ጨበጧት። ስለ እንስራው፣ ስለ ጀሪካኑ፣ ስለ ጠርሙሱ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሰውየው ሳያቋርጡ ሰሙና ከመደርደሪያው አንድ መጽሔት የሚያህል መመሪያ አወጡ።

"ዶክተር፣ ከእርስዎ ጋር እንዴት እከራከራለሁ? መመሪያችን የተጻፈው እርስዎን ጠቅሶ ነው። ይኸው ስምዎ።"

"ተሳስቼ ነበር ነው የምልዎት።"

"ከእርስዎ በኋላ ስንት ሊቅ በዚህ ላይ ጽፏል። ሁሉም ተሳሳተ?"

"ሁሉም የጠቀሰው እኔን ነው፣ አቶ ምንተስኖት።"

ሰውየው መመሪያውን ዘጉት። ሊረዷት ፈልገው መንገዱ ጠፍቷቸዋል። "እንግዲያ ሌላ ጥናት ያምጡልኝ" አሉ በመጨረሻ። "የታተመ። በቃል የተነገረኝን ይዤ ገንዘብ ባንቀሳቅስ ነገ እጠየቃለሁ። የታተመውን የሚያፈርሰው የታተመ ነው።"

"እሱ ዓመታት ይፈጃል። ልጆቹ እስከዚያ..."

"አውቃለሁ" አሉ አቶ ምንተስኖት። "የእርስዎን ጽሑፍ ግን እርስዎም በቃል አይሽሩትም።"

በወሩ መስመሩ ለሌላ መንደር ተወሰነ። ጆርናሉ ከብዙ መመላለስ በኋላ ጽሑፉ ላይ ጥርጣሬ እንዳለ የምትገልጽ ሁለት መስመር ማሳሰቢያ ለጠፈ፤ ከዚያ በላይ ለማድረግ ማስረጃ ይቅረብልን አለ። ማሳሰቢያዋን ማን ያያታል? ጽሑፉ መጠቀሱን ቀጠለ። ሰብስቤ ኮሪደር ላይ ሲያገኛት ስልክ የሚያወራ መምሰል ጀመረ። መምህራን ክበብ ውስጥ ስትገባ ወሬ ይቋረጣል። ዱሬቲ ቅስሟ ተሰብሮ ነበር፤ ግን ከዚህ ሁሉ የከበዳት ቦሩ ጨፌ ሄዶ መናገሩ ነበር። ለመንደሩ ሊመጣ የነበረውን ቧንቧ ያስቀረችው እሷ እንደሆነች ከራሷ አፍ መስማት አለባቸው።

ሄደች። ባዶ ጠርሙሶች በካርቶን ይዛ፣ በቀጠሮ ሄደች። ኦቦ ጫምሳ ደጅ ከግራሩ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ውስጥ አስገቧት። ከመቀመጧ በፊት ነገረቻቸው። ያ ጠርሙስ አዳማ ሄዶ ምን እንደተጻፈበት፣ በዚያ ጽሑፍ የተነሳ ቧንቧው ድሮ እንደቀረ፣ አሁንም እንደቀረ። አላሳጠረችም፣ አላስጌጠችም። ስድብ ጠብቃ ነበር። ውጪልኝ ቢሏት ለመውጣት ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

ኦቦ ጫምሳ ወደ ጎን ዞረው አዩዋት።

"ልጄ፣" አሉ፣ "ስንት ዓመት የለፋሽበትን ሥራ ያበላሸንብሽ እኛ ነን ማለት ነው። እኛ ያከበርንሽ መስሎን ነው። ዲፈማ ናፍ ጎዲ፤ ይቅር በይኝ።"

የጎበጡት ሽማግሌ ይበልጥ ሊያጎነብሱ ሲሞክሩ ዱሬቲ ትከሻቸውን ይዛ አስቆመቻቸው። ለቁጣ ተዘጋጅታ ነበር፤ ለዚህ አልተዘጋጀችም። እዚያው እንደቆመች አለቀሰች። አዴ ጉዲቱም የሚያስለቅሰው የቱ እንደሆነ በደንብ ሳይገባቸው አብረው አለቀሱ።

ሲረጋጉ ከካርቶኑ አንድ ጠርሙስ አውጥታ ለአዴ ጉዲቱ ሰጠች። እንደገና ከዜሮ ልትጀምር ነው የመጣችው። አሮጊቷ ጠርሙሱን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉና እግራቸው በልማድ ወደ እንስራው ወሰዳቸው።

"የእናንተን" አለች ዱሬቲ።

አዴ ጉዲቱ ቆሙ። ሰው ፊት ገላቸውን ግለጡ የተባሉ ያህል አፈሩ። ጀሪካኑን ዘንበል አድርገው ጠርሙሱን ሲሞሉ አንገታቸውን አላቀኑም።

ጂብሪል ውሃው ሲንቆረቆር ሰምቶ "ቢሻን፣ ቢሻን" እያለ መጣ። ጋዲሴ ኩባያ አንስታ ከዚያው ከጀሪካኑ ቀዳችለት፤ እንደ ሁልጊዜው። ዱሬቲ የልጅቷን እጅ ያዘች። ልጁ ሁለት ዓመቱ ነው። ቋሚ የፊት ጥርሶቹ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሚስቅባቸው፣ አሁን ድዱ ውስጥ ናቸው። የሷ ጽሑፍ እስኪታተም አይጠብቁም።

"ከእንስራው ስጪው" አለቻት።

ጋዲሴ አያቷን አየች።

"እንግዳ ቢመጣስ?" አሉ አዴ ጉዲቱ።

"ይጠማ።"

"ልጄ..."

"እኔም ብመጣ ልጠማ። የእንግዳው ውሃ ከዛሬ ጀምሮ የሱ ነው። ለሱ ይበቃዋል።"

ኦቦ ጫምሳ በዚህ ሁሉ ዕድሜያቸው ምንም ቢያጡ፣ ቤታቸው ለመጣ እንግዳ የሚሰጡትን አጥተው አያውቁም። አሁን ያቺን አንዲት ነገር አስረክቡ እየተባሉ ነው። ጋዲሴን አዩ፤ ልጅቷ አፏን ሸፍናለች። ጂብሪልን አዩ። ከዚያ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሱ፣ የእንስራውን ክዳን በገዛ እጃቸው አነሱ፣ ኩባያውን ነክረው ለልጁ ሰጡት። ልጁ ግማሹን ደረቱ ላይ እያፈሰሰ ጠጣው።

ዱሬቲ የጠርሙሱን ክዳን አጠበቀች። ከዚያ ሌላ ኩባያ አንስታ ለራሷ ከጀሪካኑ ቀዳች። አዴ ጉዲቱ ማየት አልቻሉም፤ እስክትጨርስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆሙ።